ባለ አሥር መስመሩ ጢንዚዛ፦ መርዝ ለምን አይገድለውም?

አንድ የድንች ቅጠል በጣታችሁ ገልብጡ። ከሥሩ ደማቅ ብርቱካናማ እንቁላሎች ካያችሁ ነገር አለ ማለት ነው። ሠላሳ ያህል ይሆናሉ። አንድ ቦታ ተጠጋግተው፣ በአንድ ጫፋቸው ተጣብቀው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የእያንዳንዳቸው ርዝመት አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። አየሩ ሞቅ ካለ ሳምንት ሳይሞላ ይፈለፈላሉ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ስጧቸው፤ የገለበጣችሁት ቅጠል ራሱ አይኖርም። ለምለም የነበረው ማሳ ባዶ ግንድ ብቻ ተገትሮበት ታገኙታላችሁ።

የእንቁላሎቹ ባለቤት የኮሎራዶ ድንች ጢንዚዛ ይባላል። ሳይንሳዊ ስሙ ሌፕቲኖታርሳ ዴሴምሊኒያታ ነው። ዴሴምሊኒያታ በላቲን «ባለ አሥር መስመር» ማለት ነው፤ ጀርባውን ያየ ሰው ስሙን ለመያዝ አይቸገርም። ቅጠል በል ጢንዚዛዎች ከሚባሉት ወገን ነው። ይህ ቤተሰብ እጅግ ሰፊ ነው፤ እስካሁን ስም የተሰጣቸው ዝርያዎች ከ35,000 ይበልጣሉ። ከነዚያ ሁሉ መሀል የዚህን ያህል ስሙ የገነነ የለም።

ስሙን ያገነነው ሆዳምነቱ ብቻ አይደለም። የሰው ልጅ ከ150 ዓመት በላይ ያላመጣበት የመርዝ ዓይነት የለም። እሱ ግን ዛሬም አለ። እንዲያውም ከድሮው በሰፋ አገር ላይ ይኖራል። እንዴት ሆነ የሚለውን ለመረዳት መጀመሪያ ከፍጥረቱ ጋር እንተዋወቅ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ምን ይመስላል?

ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጀርባው ጉብ ያለ፣ ሆዱ ጠፍጣፋ፤ ለሁለት የተከፈለ ባቄላ አስቡ። ክንፎቹን የሚሸፍኑት ሁለት ጠንካራ ቅርፊቶች ቢጫ ሲሆኑ በእያንዳንዳቸው ላይ አምስት አምስት ጥቁር መስመሮች ከላይ እስከ ታች ወርደዋል። ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ክፍል ብርቱካናማ ነው፤ ቀለም የተረጨበት የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ አለበት።

ይህ ቀለም ለጌጥ አይደለም። «ብትበሉኝ ትጸጸታላችሁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ጢንዚዛው ሲነካኩት ከቅርፊቱ ጠርዝ መጥፎ ጣዕም ያለው ፈሳሽ ያወጣል። አንድ ጊዜ የቀመሰ ወፍ ቢጫና ጥቁሩን ሁለተኛ ሲያይ ያልፈዋል። ፈሳሹ ከድንች ቅጠል የተወሰደ መርዝ ይመስለን ይሆናል። አይደለም፤ ጢንዚዛው ራሱ የሚሠራው ነው።

እጩ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል መሳይ ልጁ፣ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ይመስላል። ቀይ ሸክላ የመሰለ፣ ለስላሳ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ጭንቅላቱ ጥቁር ነው። በግራና በቀኝ ጎኑ ሁለት ሁለት ረድፍ ጥቁር ነጥቦች አሉበት። ከእንቁላል እንደወጣ መጀመሪያ የሚበላው የራሱን ቅርፊት ነው። አንዳንዴ እዚያው አጠገቡ ያለውን፣ ገና ያልተፈለፈለውን ወንድሙን ይጨምርበታል። ከዚያ ወደ ቅጠሉ።

ምን ያህል ይበላል?

እጩ በአራት እርከን ያድጋል፤ ቆዳው ሲጠበው እየጣለ። በእጭነት ዘመኑ ሁሉ የሚበላው ቅጠል ወደ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። አምስት በስምንት ሴንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ቁረጡና እዩት። ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛውን የሚበላው በመጨረሻው እርከን ላይ፣ በጥቂት ቀናት ብቻ ነው። አርሶ አደሮች «ትናንት ደህና የነበረው ማሳ ዛሬ ጠፋ» የሚሉት ለዚህ ነው። እጮቹ ትናንትም ነበሩ፤ ትንንሽ ስለነበሩ አልታዩም።

ጠግቦ ሲያበቃ ከተክሉ ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባል። እዚያ ሳይበላ፣ ሳይንቀሳቀስ ቅርጹን ይቀይራል። ሲወጣ ባለ መስመር ጢንዚዛ ሆኗል። አየሩ ከተመቸው ከእንቁላል እስከ ሙሉ ጢንዚዛ ያለው ጉዞ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ሊፈጅ ይችላል። ያደገው ጢንዚዛም መብላቱን አይተውም፤ በቀን 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ቅጠል ይጨርሳል።

አንዷ ሴት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 500 እና ከዚያም በላይ እንቁላል ትጥላለች። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ መርዙ ጉዳይ ስንመጣ እንፈልገዋለን።

ድንቹን ነው ወይስ ቅጠሉን የሚበላው?

ቅጠሉን። ብዙ ሰው ድንቹን የሚቦረቡር ይመስለዋል። ጢንዚዛው አፈር ውስጥ ያለውን ድንች ዞር ብሎም አያየው።

ታዲያ ቅጠል ቢበላ ምን ቸገረን? ነገሩ ወዲህ ነው። ቅጠሉ የተክሉ ወጥ ቤት ነው። በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚበስለው እዚያ ነው። መሬት ውስጥ ያለው ድንች ደግሞ ጎተራው ነው። ወጥ ቤቱ ከተዘጋ ጎተራው አይሞላም። ተክሉ ላይሞት ይችላል፤ ስትቆፍሩት ግን የምታገኙት ፍሬ ጥቂትና ትንንሽ ይሆናል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ተክሉ ገና እያደገ ሳለ ጥቂት ቅጠል ቢያጣ አዲስ አውጥቶ ይተካል። ድንቹ አፈር ውስጥ መወፈር በጀመረበት ሰሞን ከሆነ ግን ትንሽ ጉዳት እንኳ ምርቱ ላይ ይታያል። የጢንዚዛው ሆዳም እጮችና ይህ ሰሞን ብዙ ጊዜ ይገጣጠማሉ። ደበርጃንም ከእሱ አያመልጥም። ቲማቲምን አንዳንዴ ይነካል። ምርጫ ካለው ግን ድንች ነው።

ድሮስ ድንች ተባይ ነበር?

አልነበረም። ታሪኩ የሚጥመኝም እዚህ ላይ ነው።

በ1811 ቶማስ ነታል የተባለ ተፈጥሮ አጥኚ ይህን ጢንዚዛ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሰበሰበ። በ1824 ቶማስ ሴይ የተባለ ሌላ ተመራማሪ መልኩን ጽፎ ስም አወጣለት። ያኔ ማንም አልደነገጠም። ጢንዚዛው ከሮኪ ተራሮች በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ ላይ አንድ እሾሃም፣ ቢጫ አበባ ያለው አረም እየበላ የሚኖር ጸጥተኛ ፍጥረት ነበር። አረሙ የእምቧይ የቅርብ ዘመድ ነው። የጢንዚዛው የትውልድ አገርም ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ሜክሲኮ እንደሆነ ይታመናል።

«ኮሎራዶ» የሚለው ስም እንኳ የተለጠፈበት ዘግይቶ ነው። በ1860ዎቹ፣ ኮሎራዶ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት በብዛት እንደሚገኝ ወሬ ሲመጣ።

አሁን ወደ ድንች እንምጣ። ድንች የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ልጅ ነው። በስፔኖች መርከብ ወደ አውሮፓ ሄደ፤ ከዚያ በሰፋሪዎች እጅ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻገረ። ሰፋሪዎቹ ወደ ምዕራብ ሲገፉ ድንቹም አብሯቸው ገፋ። ዞሮ ዞሮ ጢንዚዛው ደጃፍ ደረሰ። ድንችና ያ እሾሃም አረም የአንድ ወገን ዕፅዋት ናቸው፤ ቲማቲም፣ ደበርጃንና እምቧይም እንደዚሁ። ጢንዚዛው የሚያውቀውን ሽታ ሸተተ። ልዩነቱ ይህኛው ዘመድ እሾህ የለውም፤ በዚያ ላይ በረድፍ በረድፍ ተተክሎ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ «ጢንዚዛው ድንቻችንን ወረረው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ተጉዞ የሄደው ድንቹ ነበር።

በ1859 ኔብራስካ ውስጥ፣ ከኦማሃ ከተማ በስተምዕራብ፣ የድንች ማሳዎች መውደም ጀመሩ። በ1874 ጢንዚዛው አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ደርሶ ነበር። በ15 ዓመት ውስጥ ግማሽ አህጉር ማለት ነው፤ በዓመት ሲካፈል ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በየመንገዱ ማሳ ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ባልፈጠነ። እያንዳንዱ እርሻ ለሚቀጥለው መሸጋገሪያ ሆነለት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌፕቲኖታርሳ በሚባሉት የጢንዚዛው የቅርብ ዘመዶች ውስጥ 40 ያህል ዝርያዎች አሉ። አንዱ ከኮሎራዶው ጢንዚዛ ጋር ቁርጥ መንትያ ይመስላል፤ ባለሙያ ካልሆነ የሚለየው የለም። ያ መንትያ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል አረም እየበላ ይኖራል፤ ድንች ላይ ችግር አይፈጥርም።

ባሕሩን እንዴት ተሻገረ?

አውሮፓ ወሬውን ሰምታ አስቀድማ ደንግጣ ነበር። ጀርመን በ1875 ከአሜሪካ ድንች እንዳይገባ ከለከለች። ብሪታንያ በ1877 ይህንኑ ጢንዚዛ አስባ ጎጂ ነፍሳትን የሚመለከት ሕግ አወጣች። በዚያው ዓመት ጀርመን ውስጥ ጥቂት ማሳዎች ላይ ተገኘ፤ ማሳዎቹን አቃጥለውና አፈሩን በኬሚካል አርሰው አጠፉት። ለ40 ዓመታት ያህል እንዲህ እየታየ እየጠፋ ቆየ።

በ1922 ግን ፈረንሳይ ውስጥ፣ በቦርዶ አካባቢ ተገኘ። ያኔ ሥር ሰዷል። ቦርዶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ስንቅና ትጥቅ የሚራገፍባት ወደብ ነበረች፤ ብዙዎች አመጣጡን ከዚያ ጋር ያያይዙታል። ከዚህ በኋላ ያቆመው አልነበረም። ቤልጂየም በ1935፣ ጀርመን በ1936፣ ሶቪየት ኅብረት በ1949። በ1993 በካዛክስታን አዋሳኝ በኩል ቻይና ገባ። ዛሬ በሦስት አህጉራት ወደ 16 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ስፋት ላይ ይኖራል።

ብሪታንያ እስከ ዛሬ በሯን ዘግታ ይዛዋለች። እዚያ ይህን ጢንዚዛ ያየ ሰው ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በ2023 ኬንት ውስጥ አንድ የድንች ማሳ ላይ ተገኝቶ ባለሥልጣናቱ ተሯሩጠው ነበር።

እውነት ከአውሮፕላን ተጥሎ ያውቃል?

ይህን ጥያቄ ቀልድ ያስመስለዋል እንጂ መልሱ «አዎን፣ አንድ ጊዜ» ነው። የጣለው ግን የተከሰሰው ወገን አይደለም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች ጢንዚዛው የጠላትን ድንች ለማጥፋት ያገለግል እንደሆነ አጥንተዋል። በ1943 ስፓየር በምትባል የራሳቸው ከተማ አካባቢ ሺዎችን ከአውሮፕላን ጥለው ሞከሩ። መልሰው ያገኙት ጥቂቶቹን ብቻ ነበር። የራስን ማሳ በተባይ መሞከር! ምን ይሉት ጥበብ እንደሆነ እንጃ።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1950፣ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት «አሜሪካኖች ጢንዚዛ ከአውሮፕላን እየጣሉብን ነው» ብሎ ከሰሰ። ፖስተር ተለጠፈ፤ ጢንዚዛውም «አሚኬፈር»፣ ማለትም የአሜሪካ ጢንዚዛ ተባለ። የትምህርት ቤት ልጆች ጠርሙስ ይዘው ማሳ ለማሳ እየዞሩ ይለቅሙ ነበር። ለክሱ ማስረጃ አልተገኘም። ጢንዚዛው አውሮፕላን አላስፈለገውም፤ የጦርነቱ ዓመታት ማሳውን ያለ ተቆጣጣሪ ትተውለት ነበር።

ቃሉ ከፖለቲካ አልወጣም። በ2014 በዩክሬን፣ ብርቱካናማና ጥቁር ሪባን የሚያደርጉ የሩሲያ ደጋፊዎችን ተቃዋሚዎቻቸው «ኮሎራዶ» እያሉ መስደብ ጀመሩ። ምክንያቱ የመስመሮቹ ቀለም ነው።

ብርድ ሲመጣ የት ይገባል?

መሬት ውስጥ። ቀኑ ማጠር ሲጀምር ጢንዚዛው ገና ብርዱ ሳይመጣ ይገባዋል። ራሱን አፈር ውስጥ ይቀብራል፤ አንድ ስንዝርና ከዚያም በላይ ይወርዳል። የሰውነቱን ሥራ ሁሉ ይቀንሳል። የክንፎቹ ጡንቻዎች እንኳ ይከሳሉ፤ ለማይበርበት ጊዜ ምን ያደርጉለታል? ሙቀቱ ሲመለስ ጡንቻዎቹም መልሰው ይገነባሉ።

ሴቶቹ ደግሞ ተዘጋጅተው ነው የሚገቡት። ከመቀበራቸው በፊት ከወንድ ከተገናኙ የወንዱን ዘር በሰውነታቸው አስቀምጠው ያሳልፋሉ። ብርዱ አልፎ ስትወጣ አንዲት ሴት ብቻዋን ብትሆን እንኳ እንቁላል መጣል ትችላለች። አንድ ማሳ ለመውረር አንዷ ትበቃለች ማለት ነው።

ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወጡም። ጥቂቶቹ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አፈር ውስጥ ይቆያሉ። ዘንድሮ ድንች ባይተከል፣ ወይም ዘንድሮ የወጡት ሁሉ በመርዝ ቢያልቁ፣ መሬት ውስጥ የተቀመጠ ተጠባባቂ ጦር አለ።

እሺ፣ መርዙ ለምን አይገድለውም?

የድንች ተክል ራሱ መርዛም ነው። ፀሐይ ያየውና አረንጓዴ የሆነው ድንች አይበላ የሚባለው ለዚህ ነው። አረንጓዴው ቀለም ራሱ አይጎዳም፤ አብሮት የሚጨምረው ሶላኒን የሚባል መራራ ነገር ግን ይጎዳል። ቅጠሉ ውስጥ ይህ ነገር ሞልቷል። ተክሉ ነፍሳትን የሚያባርርበት መሣሪያው ነው።

የጢንዚዛው አያት ቅድመ አያቶች በዚህ ዓይነት መርዛም ወገን ላይ ረጅም ዘመን ኖረዋል። መርዙን የሚሰባብሩ፣ ከሰውነት የሚያስወጡ ብዙ መንገዶች አዳብረዋል። የኛ ጉበት የዋጥነውን መድኃኒት ሰባብሮ እንደሚያስወጣው ማለት ነው። በ2018 የጢንዚዛው ሙሉ የዘር መረጃ ሲታተም፣ ምግብ ለመፍጨትና የተክል ጣዕም ለመለየት የሚያገለግሉ የዘረ መል ቤተሰቦች በርክተው ተገኝተዋል። አዲስ ፀረ ተባይ ሲመጣበት ከዜሮ አይጀምርም። ሌላ ነፍሳት ባዶ እጁን የሚገጥመውን እሱ በመሣሪያ ክምር ይገጥመዋል።

እዚህ ላይ አንድ ቃል እናስተካክል። «ተባዩ መድኃኒቱን ለመደው» እንላለን። አነጋገሩ ያሳስታል። አንድ ጢንዚዛ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እየቀመሰ የሚለምደው ያስመስላል። የሚሆነው ሌላ ነው። መርዙ የሚሠራው እንደ ወንፊት ነው።

እንበልና ማሳው ላይ 10,000 ጢንዚዛ አለ። ከነሱ ውስጥ አሥሩ በአጋጣሚ፣ በተፈጥሯቸው፣ ያንን መርዝ የሚሰብር ነገር አላቸው። ተረጨ። 9,990ው ሞተ። አርሶ አደሩ ደስ አለው፤ መድኃኒቱ ሠርቷል። አሥሩ ግን ተርፈዋል፤ አሁን ማሳው ሙሉ የነሱ ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁን 500 እንቁላል አስታወሳችሁ? አምስቱ ሴቶች ቢሆኑ 2,500 እንቁላል ነው፤ ወላጆቻቸው ሁሉ ከመርዙ የተረፉ። በሞቃት አካባቢ በአንድ ዓመት ሁለት ሦስት ትውልድ ይፈራረቃል። በሚቀጥለው ዓመት ያው መድኃኒት ሲረጭ የሚሞተው ጥቂቱ ይሆናል። ማንም ምንም አልለመደም። ያልቻሉት ሞቱ፤ የቻሉት ወለዱ።

ታሪኩም ይህንኑ ደጋግሞ ያሳያል። በ1860ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ገበሬዎች «የፓሪስ አረንጓዴ» የሚባል ዱቄት መርጨት ጀመሩ። ይህ የግድግዳ ቀለም መሥሪያ ነበር፤ መዳብና አርሴኒክ ያለበት። አዎ፣ አርሴኒክ፣ ሰው የሚገድለው። ነፍሳትን በኬሚካል በሰፊው የመርጨት ልማድ አንድ ትልቅ መነሻው ይኸው ነው። ቀጥሎ አርሴኒክ ከእርሳስ ጋር ተቀላቅሎ መጣ፤ ከድጡ ወደ ማጡ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ መጣ፤ ሁሉም «አሁንስ አለቀለት» አለ። በ1952 ዲዲቲ የማይገድላቸው ጢንዚዛዎች መኖራቸው ተዘገበ። ከዚያ በኋላ የመጡት አንድ በአንድ ተራቸውን ጠበቁ። በ1995 ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባል አዲስ ዓይነት ሲወጣ እፎይታ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ኒውዮርክ አጠገብ ባለችው ሎንግ አይላንድ ላይ የማይገድላቸው ታዩ። እስካሁን ጢንዚዛው የተቋቋማቸው ፀረ ተባዮች ከ50 በላይ ናቸው። ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ ጢንዚዛ 50ውንም ይችላል ማለት አይደለም። አንድ ቦታ ያለው አንዱን ይችላል፤ ሌላ ቦታ ያለው ሌላውን።

መርዙ ውስጡ የሆነ ድንች ቢበቅልስ? ተሞክሯል። በ1995 አሜሪካ ውስጥ ቅጠሉ ጢንዚዛውን የሚገድል ድንች ተፈቀደ። ከአንድ የአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረ መል ገብቶበት ነው። ጥሩ ሠርቶ ነበር። ነገር ግን ትልልቅ የተጠበሰ ድንች ገዢዎች ዘረ መሉ የተቀየረ ድንች አንፈልግም አሉ፤ በ2001 ከገበያ ወጣ። ያንን ያሸነፈው ጢንዚዛው አልነበረም።

ያለ መርዝ ምን ይደረጋል?

የመጀመሪያው መሣሪያ ርቀት ነው። ጢንዚዛው ከአፈር ሲወጣ የክንፉ ጡንቻ ገና አልጠነከረም፤ ስለዚህ ምግብ ፍለጋ የሚወጣው በአብዛኛው በእግሩ ነው። ድንቹ ካምና ከነበረበት ቦታ ግማሽ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ ከተተከለ ብዙዎቹ ሳይደርሱ ይቀራሉ፤ የደረሱትም ዘግይተው ነው። ያ ጊዜ ለተክሉ እድገት ነው።

ሁለተኛው እኔን በጣም ያስገረመኝ ነው። በማሳው ዙሪያ ቦይ ይቆፈራል፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ። ውስጡ ጥቁር ላስቲክ ይነጠፋል። በእግሩ የሚመጣው ጢንዚዛ ይወድቅበታል። ንጹሕ ላስቲክ ቢሆን ጢንዚዛው ወጥቶ ይሄዳል፤ እግሩ ሥር ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ይይዙለታል። ነገር ግን ሜዳ ላይ ያለ ላስቲክ አቧራ ይለብሳል። ፀጉሮቹ አቧራውን ይዘው ይንሸራተታሉ። ትንሽ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እንደገና ይወጣል፣ ይወርዳል። እዚያው ይቀራል። 50 መርዝ ያልበገረው ፍጥረት አቧራ ይበግረዋል።

የተፈጥሮ ጠላቶችም አሉት። ባለ ነጠብጣብ ትንንሽ ጢንዚዛዎች እንቁላሉን ይለቅማሉ። ጋሻ የመሰለ ጀርባ ያለው አንድ ነፍሳት መርፌ መሳይ አፉን እጩ ላይ ሰክቶ ይመጠዋል። ሌቢያ ግራንዲስ የሚባል ጢንዚዛ ደግሞ በሁለት በኩል ይመጣበታል። ያደገው ሌቢያ ቅጠል ላይ ያለውን እንቁላልና እጭ ይበላል። ልጁ አፈር ውስጥ ወርዶ ቅርጹን እየቀየረ ያለውን ይጨርሰዋል። ችግሩ ቁጥራቸው ነው፤ አንዲት ሴት 500 በምትጥልበት ማሳ ላይ ብቻቸውን አይደርሱበትም። በዚያ ላይ ለጢንዚዛው የሚረጨው መርዝ መጀመሪያ የሚጨርሰው እነሱን ነው።

አዲሱ መድኃኒት የተለየ ነው የሚባለው ለምንድነው?

በታኅሣሥ 2023 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሌድፕሮና የሚባል ንጥረ ነገር ለዚህ ጢንዚዛ ፈቀደ። እንደ ቀድሞዎቹ ነርቭ የሚመታ አይደለም።

ሕዋስን እንደ አንድ መሥሪያ ቤት አስቡት። ዋናው መዝገብ፣ ማለትም ዲኤንኤው፣ ከካዝና አይወጣም። ሥራ ሲያስፈልግ ከመዝገቡ አንድ ገጽ ይገለበጥና ወደ ሠራተኞቹ ይላካል። ያ ግልባጭ አርኤንኤ ይባላል። ሠራተኞቹ ግልባጩን አይተው ፕሮቲን ይሠራሉ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አንድ ዘበኛ አለ። ድርብ ሆኖ የተጣመረ አርኤንኤ ካየ «ይህ የቫይረስ ነው» ብሎ ይጠረጥራል፤ ይቆራርጠዋል፤ ከዚያ ያንኑ ጽሑፍ የያዘ ግልባጭ ባየ ቁጥር እየለቀመ ይቀዳድደዋል።

መድኃኒቱ ይህንን ዘበኛ ያሳስተዋል። ቅጠሉ ላይ የሚረጨው የጢንዚዛው የራሱ የአንድ አስፈላጊ ዘረ መል ድርብ ግልባጭ ነው። እጩ ከቅጠሉ ጋር ይበላዋል። ዘበኛው የቤቱን ደብዳቤ የጠላት መስሎት መቅደድ ይጀምራል። ያረጁ ፕሮቲኖችን የሚያስወግደው ሥራ ይቆማል፤ ቆሻሻው ይከማቻል፤ እጩ መብላቱን ትቶ ይሞታል። ጽሑፉ ለዚህ ጢንዚዛ ተመርጦ የተጻፈ ስለሆነ ንብና ሌሎች ነፍሳት ላይ ያለው ጉዳት አነስተኛ እንዲሆን የታሰበ ነው።

ይህንን ደግሞ ሊቋቋም ይችላል? ተመራማሪዎች ጥያቄውን ቀድመው ቤተ ሙከራ ውስጥ ጠይቀውታል። ጢንዚዛዎችን ድርብ አርኤንኤ እያበሉ፣ የተረፉትን እያራቡ፣ ወንፊቱን ዘጠኝ ጊዜ ነፉት። ውጤቱ የታተመው በ2021፣ መድኃኒቱ ከመፈቀዱ ሁለት ዓመት በፊት ነው። በመጨረሻ የቀሩት ጢንዚዛዎች ከመነሻዎቹ ከ11,000 እጥፍ በላይ የሚቋቋሙ ሆነው ተገኙ። እነዚያው ጢንዚዛዎች ግን በድሮው የባክቴሪያ መርዝ እንደ ሌሎቹ ይሞቱ ነበር። ስለዚህ አሁን ለገበሬው የሚሰጠው ምክር አዲሱን ብቻ አትርጭ፣ እያፈራረቅህ ተጠቀም የሚል ነው፤ ቦዩንም አትድፈነው።